ከተኩሱ በኋላ ያሉት ሰዓታት፦ ዴሪ፣ ጥር 21 ቀን 1964 ዓ.ም.

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው በሰሜን አየርላንድ፣ በዴሪ ከተማ፣ የብሪታንያ ወታደሮች ለሲቪል መብት በወጡ ሰልፈኞች ላይ ስለከፈቱት ተኩስ ነው። ዕለቱ እሑድ ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 21 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች ግን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ። ዋናው ተኩስ አሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ 13 ሰዎች ተገደሉ፣ ከአሥር በላይ የሚሆኑም ቆሰሉ። ከቆሰሉት መካከል አንድ አዛውንት ከጥቂት ወራት በኋላ በማረፋቸው የከተማዋ ሰው የሟቾቹን ቁጥር 14 እያለ ይቆጥራል።

ስለ እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ብዙ ተብሏል፤ እኔም ሳልነካቸው አላልፍም። ትኩረቴን የማሳርፈው ግን ተኩሱ ከቆመ በኋላ በነበሩት ሰዓታትና ሳምንታት ላይ ነው። ወታደሮቹን ማን ጠየቃቸው? ቃላቸው በምን ሁኔታ ተመዘገበ? የመጀመሪያውን ምርመራ ማን መራው፣ ምን ተብሎስ ተላከ? ከ38 ዓመት በኋላ እውነቱ በመንግሥት አንደበት ሲነገር፣ ከ53 ዓመት በኋላም አንድ ወታደር ከወንጀል ችሎት ፊት ቀርቦ በነጻ ሲሰናበት፣ የሁለቱም መነሻ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን።

አስቀድሞ ሰልፉ ለምን እንደተጠራ መናገር ይገባል። በ1921 አየርላንድ ለሁለት ስትከፈል ሰሜኑ በብሪታንያ ሥር ቀረ። በአጠቃላይ ግዛቱ አብላጫው ሕዝብ ከብሪታንያ ጋር መቆየትን የሚሻው ፕሮቴስታንቱ ሲሆን፣ በዴሪ ከተማ ግን ካቶሊኮቹ ይበዙ ነበር። ይሁን እንጂ የምርጫ ቀጠናዎቹ የተከለሉት የከተማው ምክር ቤት ዘወትር ቁጥራቸው ባነሰው ዩኒየኒስቶች፣ ማለትም ከብሪታንያ ጋር መቆየትን በሚሹት፣ እጅ እንዲቆይ ተደርጎ ነው። ለአካባቢ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት የሚችለው ባለቤት ወይም ዋና ተከራይ ሆኖ ቤት የያዘ ሰውና የትዳር ጓደኛው ብቻ ነበር። ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ጎልማሳም ሆነ በሰው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚያድር ሠራተኛ ድምፅ አልነበረውም፤ የንግድ ድርጅት ያላቸው ግን ተጨማሪ ድምፅ ይፈቀድላቸው ነበር። እንግዲህ ምክር ቤቱ ለአንድ ካቶሊክ ቤተሰብ የቀበሌ ቤት እንደምንለው ያለ የመንግሥት ቤት በሰጠ ቁጥር ሁለት የተቃዋሚ ድምፅ አብሮ መስጠቱ ነበር። የቤት ችግርና የፖለቲካ መብት ጥያቄ በዴሪ አንድ ጥያቄ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሜን አየርላንድ የሲቪል መብቶች ማኅበር በ1967 ሲመሠረት የጠየቀው አገር እንዲገነጠል ወይም ድንበር እንዲፈርስ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ድምፅ፣ የቤት ድልድል ፍትሐዊነት፣ በሥራ ቅጥር የሚፈጸመው አድልዎ እንዲቆም፣ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያስር የሚፈቅደው የ1922 ልዩ ሥልጣን ሕግ እንዲሻር ነበር። ኦክቶበር 5 ቀን 1968 በዴሪ ዱክ ጎዳና የወጣውን ሰልፍ ፖሊስ በዱላ ሲበትን የቴሌቪዥን ካሜራ በቦታው ስለነበር ዓለም ተመለከተው። በኦገስት 1969 በካቶሊኮቹ ሰፈር በቦግሳይድ በፖሊስና በነዋሪው መካከል ለሦስት ቀን የዘለቀ ግጭት ተነሣ፣ የብሪታንያ ጦርም ወደ ከተማዋ ገባ። ይህ ዛሬ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው፤ ወታደሮቹ ሲገቡ የቦግሳይድ እናቶች ሻይ እያፈሉ ያቀርቡላቸው ነበር። ከፖሊሱ ያድነናል ብለው ተስፋ ያደረጉት በዚያው ጦር ነበር።

ያ ተስፋ ሁለት ዓመት አልቆየም። ኦገስት 9 ቀን 1971 መንግሥት ሰዎችን ያለ ክስና ያለ ፍርድ ማሰር ጀመረ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ340 በላይ ሰዎች ሲያዙ ሁሉም ለማለት ይቻላል ከአንድ ወገን የተወሰዱ ነበሩ። በዚያው ሳምንት በቤልፋስት ባሊመርፊ በተባለው ሰፈር በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ሲቪሎች ሞቱ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በወታደሮች ጥይት መሞታቸውንና አሥሩም ምንም ያላጠፉ ንጹሓን እንደነበሩ የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ያረጋገጡት በ2021 ነው። በዚያ ሰፈር ተሰማርቶ የነበረው የፓራሹት ሬጅመንት በዴሪም እናገኘዋለን። ጃንዋሪ 22 ቀን 1972 ከዴሪ ብዙም በማይርቀው በማጊሊጋን የባሕር ዳርቻ፣ ከእስረኞች ካምፕ አጠገብ፣ እነዚሁ ወታደሮች ሰልፈኞችን በጎማ ጥይትና በዱላ አሸዋው ላይ አሳደዷቸው። የዴሪው የፓርላማ አባል ጆን ሂዩም ያንን ካዩ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ በሚደረገው ሰልፍ ላለመገኘት ወሰኑ።

ለመንግሥትም ቢሆን ሁኔታው ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የብሪታንያን አገዛዝ በመሣሪያ የሚዋጋው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር፣ በምኅፃሩ አይ.አር.ኤ.፣ በዴሪ ወታደሮችንና ፖሊሶችን ይገድል ነበር፣ ቦግሳይድና አጎራባቹ የክሬጋን ሰፈር በባሪኬድ ታጥረው ከመንግሥት ቁጥጥር ወጥተዋል፣ የመሀል ከተማው ነጋዴ በቦምብና በድንጋይ ውርወራ ተማሯል። በሰሜን አየርላንድ የምድር ጦር አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ሮበርት ፎርድ ጃንዋሪ 7 ቀን ለአለቃቸው በጻፉት ማስታወሻ፣ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ ድንጋይ ከሚወረውሩት ወጣቶች መካከል የተመረጡ መሪዎችን መተኮስ ሥርዓት ለማስከበር የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ኃይል ነው ወደሚለው መደምደሚያ እየደረሱ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። የኋለኛው አጣሪ ኮሚሽን ማስታወሻው የእሑዱ ግድያ ዕቅድ ነበር ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም፤ እኔም ከዚያ አልፌ አልሄድም። ሆኖም ድንጋይ ወርዋሪን በጥይት ስለመምታት በጽሑፍ በሚወያይ ዕዝ ሥር አንድ ወታደር ምን ዓይነት አየር እየተነፈሰ ወደ ሥምሪት እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም።

ሰልፉ በክሬጋን ተጀምሮ ቁልቁል ወደ ቦግሳይድ ወረደ። ሰልፍ በአዋጅ ተከልክሏል፤ ሆኖም ከአሥር ሺህ በላይ ሰው እንደተገኘ ይገመታል፤ ሕፃናት የያዙም ነበሩበት። ከአዘጋጆቹ አንዱ አይቫን ኩፐር ፕሮቴስታንት የፓርላማ አባል ነበሩ። መድረሻው ጊልድሆል የተባለው የከተማው አዳራሽ አደባባይ እንዲሆን ቢታሰብም ጦሩ መንገዶቹን በአጥር ስለዘጋ አዘጋጆቹ ሰልፉን ወደ ሮስቪል ጎዳና አጥፈው ንግግሩ በፍሪ ዴሪ ኮርነር እንዲደረግ ወሰኑ። አብዛኛው ሰው ተከተላቸው። ጥቂት ወጣቶች ግን ከአጥሩ ዘንድ ቀርተው ድንጋይ መወርወር ያዙ፤ ወታደሮቹም በውኃ፣ በአስለቃሽ ጭስና በጎማ ጥይት መለሱላቸው። እስከዚህ ድረስ ዴሪ በየሳምንቱ የምታየው ነገር ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በዊሊያም ጎዳና አንድ ባዶ ቤት ውስጥ የተሸሸጉ ወታደሮች ተኩሰው የ15 ዓመት ልጅና የ59 ዓመት ሰው አቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ከአይ.አር.ኤ. አንዱ ክንፍ የሆነ ታጣቂ አንድ ጥይት ተኩሶ ሳተ። የፓራሹት ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ አዛዥ ሌተናል ኮሎኔል ዴሪክ ዊልፎርድ ረብሸኞችን ለመያዝ ፈቃድ ጠየቁ። የብርጌዱ አዛዥ ብርጋዴር ፓትሪክ ማክሌለን ሰላማዊው ሰልፈኛና ድንጋይ ወርዋሪው እስኪለያዩ ከጠበቁ በኋላ አንድ ሻምበል በአንድ አጥር በኩል እንዲገባ ፈቀዱ፤ ወታደሮቹ ሰዉን እያሳደዱ ወደ ሮስቪል ጎዳና እንዳይዘልቁም አዘዙ። ኮሎኔሉ ግን ሌላ ሻምበል በብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ጭነው በቀጥታ ወደ ሮስቪል ጎዳና፣ ወደ ሕዝቡ መሀል ላኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቦታው ልከተለው። በሮስቪል ሕንፃዎች የመኪና ማቆሚያ የ17 ዓመቱ ጃኪ ደዲ ሲሮጥ ተመታ። አብረውት ይሮጡ የነበሩት ካህን አባ ኤድዋርድ ዴሊ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ፣ ልጁን ከተሸከሙት ሰዎች ፊት ፊት ሲሄዱ የተነሣው ምስል ያቺን ዕለት ላላዩ ሁሉ የሚያሳይ ሆኖ ቀረ። በዚያው ጎዳና ከድንጋይ በተከመረ መከለያ አጠገብ ወጣቶች ተራ በተራ ወደቁ፤ አንድ አባት የወደቀ ልጁን ለማንሣት ሲሄድ እርሱም ተመትቶ ቆሰለ፣ ልጁ ዊሊያም ናሽ ግን ሞተ። ኬቪን ማክኤልሂኒ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ሊሸሽ ሲሞክር ከኋላው ተመታ። አራት ወታደሮች ደግሞ ግሌንፋዳ ፓርክ ወደሚባለው የቤቶች ግቢ ገቡ። በዚያም ዊሊያም ማኪኒና ጂም ሬይ ተገደሉ፤ ጂም ሬይ ቆስሎ መሬት ላይ ከተጋደመ በኋላ ዳግመኛ እንደተተኮሰበት ኋላ ተረጋግጧል። ከግቢው ማዶ ጄራርድ ማኪኒ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አትተኩሱ እያሉ ተመቱ። ከሕንፃዎቹ በስተደቡብ ፓትሪክ ዶኸርቲ ቆስለው ሲጣሩ የሰሙት የ41 ዓመቱ በርናርድ ማክጊገን፣ ብቻውን ሲሞት አላይም ብለው፣ ነጭ መሐረብ እያሳዩ ወደ እርሳቸው ሲራመዱ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ወደቁ። ከሟቾቹ ስድስቱ የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ። ወታደሮቹ ከመቶ በላይ ጥይት ተኩሰዋል፤ ከወታደሮቹ ወገን ግን በጥይት የተመታ አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ተኩሱ እንደቆመ የሻምበሉ አዛዥ ሜጀር ቴድ ሎደን በተሽከርካሪያቸው ውስጥ ሆነው ወታደሮቻቸውን እየጠሩ የት ሆነው፣ በማን ላይ እንደተኮሱ ጠየቋቸው፤ መልሱም በካርታ ነጥብ እየታገዘ በዝርዝር ተጻፈ። ዝርዝሩ ታጣቂ፣ ቦምብ ወርዋሪ፣ ሽጉጥ የያዘ ሰው እያለ ይወርዳል። ኋላ በካርታ ላይ ሲፈተሽ አንዳንዶቹ ተኩሶች ከተባለው ቦታ ተነሥተው ከተባለው ዒላማ ለመድረስ ሕንፃ ሰንጥቀው ማለፍ ነበረባቸው። አንድም የተመዘገበ ተኩስ ከእውነተኛ ሟች ጋር በትክክል አልገጠመም። ሆኖም ያ ዝርዝር በዚያው ሌሊት የመንግሥት ይፋዊ መግለጫ መሠረት ሆነ፤ በማግሥቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ በፓርላማ ቆመው ጦሩ የተኮሰው በመሣሪያና በቦምብ ባጠቁት ሰዎች ላይ ነው ሲሉ ተናገሩ። በሰልፉ ላይ የነበሩት ወጣት የፓርላማ አባል በርናዴት ዴቭሊን ያዩትን ለመናገር ቢጠይቁ ዕድል ተነፈጋቸው፤ ተነሥተው ሄደው ሚኒስትሩን በጥፊ መቱ። የዓለም ጋዜጦች ስለ ጥፊው በሰፊው ጻፉ።

በሌሊቱ የወታደሮቹን ቃል የተቀበለው ማን ነበር? የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አልነበረም። ከ1970 ጀምሮ በፖሊስ አዛዡና በጦሩ መካከል በተደረገ ስምምነት መሠረት ወታደር ሰው ሲገድል የሚጠይቀው ወታደራዊ ፖሊስ ነበር፤ ይህም አሠራር እስከ 1973 ዘልቋል። ወታደሩ ቃሉን የሚሰጠው በትእዛዝ ነው፤ እምቢ የማለት ምርጫ የለውም፣ የሚናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል አይነገረውም፣ ጠበቃም አጠገቡ የለም። እንደ ወንጀል ተጠርጣሪ ሳይሆን ለባልደረባው አንድ ወረቀት እንደሚያስሞላ ሰው ነበር የሚጠየቀው። ይህ አሠራር በዚያን ጊዜ ወታደሩን ከጥያቄ ለማዳን ጠቅሞታል። ነገር ግን በትእዛዝና ያለ ማስጠንቀቂያ የተሰጠ ቃል በወንጀል ችሎት በሰጪው ላይ ሊቀርብ አይችልም። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የተጻፉት ወረቀቶች ለዘለቄታው ምን ያህል እንደተበላሹ የታወቀው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መንግሥት ሁለት ቀን ሳይሞላ ምርመራ እንዲደረግ ወሰነ፤ የተመረጡትም የእንግሊዝ የበላይ ዳኛ ሎርድ ዊጀሪ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ሥራውን ሲሰጧቸው በሰሜን አየርላንድ የምንዋጋው በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በፕሮፓጋንዳም እንደሆነ አስታወሷቸው፤ ይህንን የመዘገበው ቃለ ጉባኤ ለሕዝብ የታወቀው በ1995 ነው። ዳኛ ሥራውን ሳይጀምር እንዲህ ከተባለ ገለልተኛነቱን መጠበቅ ከባድ ነው፤ ዊጀሪ ግን የተባሉትን እንደ እንቅፋት ያዩት አይመስልም። የሲቪል መብት ወገኖች ከከተማው ሰው የሰበሰቡት 700 ገደማ የምስክር ቃል ቀርቦላቸው በአመዛኙ ሳይጠቀሙበት ቀሩ። በሟቾቹ እጅና ልብስ ላይ የእርሳስ ብናኝ መገኘቱን አንዳንዶቹ መሣሪያ ይዘው እንደነበር የሚያጠራጥር ማስረጃ አድርገው ወሰዱት፤ አስከሬኖቹ በወታደሮች እጅ ተነክተውና በጦር ተሽከርካሪ ተጭነው እንደነበር ግን በቂ ክብደት አልሰጡትም።

አሥራ አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በኤፕሪል 1972 የወጣው ሪፖርት ቁጥሩ 39 ገጽ ነው። የመጀመሪያው መደምደሚያው ሕገ ወጡን ሰልፍ ያዘጋጁት ሰዎች ሁኔታውን ባይፈጥሩ ኖሮ የሞተ ሰው ባልኖረ ነበር ይላል። ለአንዳንድ ወታደሮች አተኳኮስ የሰጠው ቃል ለግድየለሽነት የቀረበ የሚል ነበር፤ ሟቾቹ መሣሪያ ሲይዙ አልተረጋገጠም ካለ በኋላ ግን ጥርጣሬ አለ ብሎ ስማቸውን አጠቆረ። ከሁሉ የሚገርመኝ ስለ አንድ ወታደር የተጻፈው ነው። ስሙ እንዳይገለጽ በፊደል ብቻ ወታደር ኤች የተባለው ሰው 22 ጥይት ተኩሷል፤ ከእነዚህ 19ኙን በአንድ ቤት መስኮት ጀርባ በነበረ ታጣቂ ላይ እንደተኮሰ ተናገረ። ዊጀሪ ራሳቸው አላመኑትም፤ 19ኙ ጥይቶች የት እንደገቡ አይታወቅም ሲሉም ጻፉ። እናም ገጹን ገልብጠው አለፉ። ሰዎች ከወደቁበት ግቢ ውስጥ 19 ጥይት ሲጠፋ ዳኛው ያልጠየቁትን ሌላ ማን ይጠይቀው ነበር?

የዚያ እሑድና የዚያ ሪፖርት ዋጋ ምን እንደነበር ሰሜን አየርላንድ ታውቃለች። በሰልፍ መብት ይገኛል ብለው ያምኑ የነበሩ ወጣቶች ወረፋ ይዘው አይ.አር.ኤ.ን ተቀላቀሉ። ሪፖርቱ ከመውጣቱም በፊት፣ በፌብሩዋሪ፣ በደብሊን የብሪታንያ ኤምባሲ በተቆጣ ሕዝብ ተቃጠለ፤ በማርች የሰሜን አየርላንድ ፓርላማ ታግዶ ግዛቱ በቀጥታ ከለንደን መተዳደር ጀመረ፤ 1972 ከግጭቱ ሠላሳ ዓመታት ሁሉ እጅግ ብዙ ሰው የሞተበት ዓመት ሆነ። በ1973 የአሟሟት መርማሪ ዳኛው ሂዩበርት ኦኒል፣ ራሳቸው የቀድሞ የጦር መኮንን ሆነው፣ የተፈጸመው ያልተበረዘ ግድያ ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ይሁንና ንግግራቸው የሕግ ውጤት አልነበረውም።

ቤተሰቦቹ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ያንኑ መንገድ እየተከተሉ ተሰለፉ። ሃያ ዓመት ሲሞላ፣ በ1992፣ ዘመቻቸውን አደራጅተው ሦስት ነገር ጠየቁ፦ የዊጀሪ ሪፖርት እንዲሻር፣ ሟቾቹ ንጹሓን መሆናቸው በይፋ እንዲነገር፣ ገዳዮቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1998 ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር አዲስ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ በሎርድ ሳቪል ሰብሳቢነት ከሌሎች አገሮች የመጡ ሁለት ዳኞች ተቀመጡበት። ከ900 በላይ ሰዎች ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ 2,500 ያህል የጽሑፍ ቃል ተሰበሰበ፤ ወጪው 195 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ። ለዚህ ገንዘብ ብዙ ተቺዎች ነበሩት። እኔ ግን በ1972 አንድ ሐቀኛ መርማሪ በጥቂት ወራት ሊሠራው ይችል የነበረው ሥራ ለሩብ ምዕት ዓመት ሲዘገይ የሚጠይቀው ዋጋ ይህ ነው እላለሁ። ያኔ የተተኮሰባቸው አብዛኞቹ ጠመንጃዎች በዚህ መሀል ተሽጠዋል ወይም ወድመዋል፤ ኮሚሽኑ የቀሩት እንዲጠበቁ ከጠየቀ በኋላ እንኳ የተወሰኑት ጠፍተዋል።

ሪፖርቱ ጁን 15 ቀን 2010 በ10 ቅጾችና በ5,000 ያህል ገጾች ወጣ። ከተመቱት መካከል በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያደርስ ወይም ሊያደርስ ሲል የተገኘ አንድም ሰው አልነበረም፤ ወታደሮቹ ከመተኮሳቸው በፊት ማስጠንቀቂያ አልሰጡም፤ የሚሸሹና የወደቁትን ሊረዱ የሄዱ ሰዎች ተመትተዋል፤ ኮሎኔል ዊልፎርድ ወታደሮቹን ማስገባት አልነበረባቸውም፤ ብዙዎቹ ወታደሮችም እያወቁ ሐሰት ተናግረዋል። ኮሚሽኑ ለቤተሰቦቹ የማይመቸውንም አልሸሸገም። በአንዱ ሟች በጄራልድ ዶናጊ ኪስ የሚስማር ቦምብ ሳይኖር እንዳልቀረ፣ ሆኖም ሊወረውር ሲል እንዳልነበረና የተመታውም በዚያ ምክንያት እንዳልሆነ ጽፏል። ያኔ በዴሪ የአይ.አር.ኤ. ምክትል አዛዥ የነበሩት ማርቲን ማክጊነስም መሣሪያ ይዘው ሳይሆን እንዳልቀሩ፣ ግን ለተኩሱ ምክንያት የሚሆን ምንም እንዳላደረጉ መዝግቧል። ሪፖርቱን እንድናምነው የሚያደርገን አንዱ ነገር ይኸው ነው።

በዚያ ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በፓርላማ ተነሥተው ድርጊቱ ምክንያት ያልነበረውና ምክንያት ሊቀርብለት የማይችል መሆኑን ገልጸው በአገራቸው ስም ይቅርታ ሲጠይቁ፣ በጊልድሆል አደባባይ በትልቅ ስክሪን የተመለከተው ሕዝብ አጨበጨበ። የየቤተሰቡ ተወካዮች የሟቻቸውን ስም እየጠሩ ንጹሕ ነው አሉ፤ የዊጀሪ ሪፖርትም በሕዝብ ፊት ተቀደደ። ከቤተሰቦቹ ሦስት ጥያቄዎች ሁለቱ በዚያ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዴሪ እውነቱ ጠራ፤ ለፍርድ ግን አልበቃም። ለሳቪል ኮሚሽን ቃል የሰጠ ሰው የተናገረው በራሱ ላይ በወንጀል ክስ እንዳይቀርብበት ዋስትና ተሰጥቶት ነበር። ያለዚያ ማንም አይናገርም ነበርና ዋስትናውን አልነቅፍም። ውጤቱ ግን ዐቃቤ ሕግ ከኮሚሽኑ 5,000 ገጽ ይልቅ በ1972 ወደተጻፉት ወረቀቶች መመለሱ ነበር። በማርች 2019 ከአንድ ወታደር በስተቀር የሚከሰስ እንደሌለ ተነገረ፤ እርሱም ወታደር ኤፍ ተብሎ የሚታወቀው፣ በግሌንፋዳ ፓርክ በጂም ሬይና በዊሊያም ማኪኒ ግድያ፣ እንዲሁም ሌሎችን ለመግደል በመሞከር የተከሰሰው ሰው ነው። በጁላይ 2021 ክሱ ተነሣ፤ በሌላ የቤልፋስት ግድያ ችሎት የወታደራዊ ፖሊስ ወረቀቶች በማስረጃነት እንዳይቀርቡ ስለተወሰነ ዐቃቤ ሕግ የሚቆምበት መሬት እንደሌለው ገምቶ ነበር። ከሟቾቹ የአንዱ ወንድም ለፍርድ ቤት አቤት ብለው በ2022 ውሳኔው እንዲሻር አደረጉ። በ2024 ደግሞ ለሳቪል ኮሚሽን ሐሰት ተናግረዋል የተባሉ 15 የቀድሞ ወታደሮችና አንድ የአይ.አር.ኤ. አባል ናቸው የተባሉ ሰው በቂ ማስረጃ ባለመኖሩ እንደማይከሰሱ ተገለጸ።

የወታደር ኤፍ ጉዳይ በሴፕቴምበር 2025 በቤልፋስት ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ፊት ተሰማ። ዐቃቤ ሕግ ዋና መደገፊያ ያደረገው አብረውት ግቢው ውስጥ የነበሩት ወታደር ጂና ወታደር ኤች በ1972 የሰጡትን ቃል ነበር፤ ኤፍ በዚያ ቦታ መተኮሱን የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ጂ ሞቷል። 19 ጥይቱ የጠፋበት ኤች በሕይወት አለ፤ ነገር ግን ራሴን በወንጀል ላለመክሰስ መብት አለኝ ብሎ አልመሰክርም አለ። ኤፍም በችሎቱ ቃሉን አልሰጠም። ስለዚህ ተከላካይ ጠበቆች ማንንም በመስቀለኛ ጥያቄ ሊፈትኑ ሳይችሉ፣ ከ53 ዓመት በፊት ወታደሮቹን ለማዳን የተጻፈ ወረቀት አንዱን ወታደር ለመቅጣት ቀረበ። ዳኛ ፓትሪክ ሊንች ኦክቶበር 23 ቀን ውሳኔ ሲሰጡ ወታደሮቹ ወታደራዊ ሥርዓታቸውን ፈጽሞ አጥተው፣ ያልታጠቁና የሚሸሹ ሲቪሎችን ከጀርባቸው መምታታቸውን ተናገሩ፤ ያደረጉት ሰዎች ሊያፍሩ ይገባልም አሉ። የጂና የኤች ቃል ግን ራሳቸውም በድርጊቱ የሚጠረጠሩ፣ ሐሰት የተናገሩ ሰዎች ቃል በመሆኑ፣ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ከጥርጣሬ በላይ ለማስረዳት አይበቃም ብለው ተከሳሹን በነጻ አሰናበቱት። በዚያ እሑድ በተፈጸሙት ግድያዎች ተከስሶ ፍርድ ቤት የቀረበ ወታደር እርሱ ብቻ ነው።